ኧረ እሷ ምን ታውቃለች

ወሬው የደረሰኝ ኪያር እየላጥሁ ሳለ ነው። ክፋር ብራንዳይስ በሚባል ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ የማስታምማቸው አሮጊት ቤት፣ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ልጄን ቤት ውስጥ እንዳስተምር ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ የተላከ ደብዳቤ ነው። እጄን በሽርጤ ጠረግሁና ማንበብ ጀመርሁ። የቢሮ ዕብራይስጥ እንደ ደረቅ ጓል ነው፤ እየተደናቀፍሁ ሦስቴ እመለስበታለሁ። ይኼኛው ግን እንደ ውኃ ወረደልኝ። አንድም የማላውቀው ቃል የለበትም። ለካስ እንዲህ የቀለለኝ ቃሎቹ ሁሉ የራሴ ስለሆኑ ነው።

«እናትየዋ እንደገለጹት ተማሪዋ ምንም አታውቅም። እናትየዋ እንደገለጹት በሒሳብ ትንሽ ትንሽ ከመቁጠር አላለፈችም። ደብተሮቿ ባዶ ናቸው። በስፖርቱም ቢሆን፣ እናትየዋ እንደገለጹት፣ ያላት አንዳንድ ቆርቆሮ ነው።» መጨረሻው ላይ ጊዜያዊ ፈቃዱ እንደማይጸና፣ ልጅቷም ከበዓሉ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት እንድትመለስ ተወስኗል ይላል።

አሮጊቷ ፊቴን አይተው «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ኪያሩን ምን በደለሽ?»

ሳየው ልጣጩን ሰሃን ላይ ደርድሬ፣ ኪያሩን ቆሻሻ ውስጥ ጥዬዋለሁ።

ብቻዬን ከምቃጠል ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ልጄ ያኤል ትባላለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጁዶ ትጫወታለች። «ትጫወታለች» ስል እንደ ጨዋታ እንዳትወስዱት፤ ሰው አንሥታ ትጥላለች። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሲሣራን ራስ በድንኳን ካስማ ከመሬት ጋር ያጣበቀችውን ሴት ስም ለልጄ ሰጥቼ ሳበቃ፣ ለምን ሰው ትጥላለች ብዬ ባማርር ማን ይሰማኛል?

እውነቱን ለመናገር ጁዶን የወደድሁት በእጅ መንሣቱ ነው። ያኤል ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ ናሕሊኤል በሚባል ሰፈር፣ የሮኬት ሲረን በማይጮኽበት ቀን የጁዶ ክፍል የሚሆን አንድ የቦምብ መጠለያ አለ፤ እዚያ ጓደኛዋን ፍለጋ ስትገባ ተከትያት ገባሁ። ሕፃናቱ ጫማ አውልቀው፣ ተሰልፈው፣ ለአስተማሪያቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። እዚህ አገር ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ልጅ ለታላቁ ዝቅ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። እንባዬ መጣ። «በቃ፣ እዚህ ትማር» አልሁ። እጅ ተነሣስተው ሲያበቁ አንገት ለአንገት መተናነቃቸውን ያየሁት ካስመዘገብኋት በኋላ ነው።

አሰልጣኟ ኢሪና ትባላለች፤ ከሩሲያ በኩል የመጣች፣ ከቃል ይልቅ ፉጨት የሚቀናት ሴት። ልጅ ሲያሸንፍ «ኖርማሊ» ትላለች፤ «ምንም አይል» እንደ ማለት ነው። ሲሸነፍም «ኖርማሊ» ትላለች። ይኼም ደስ አለኝ። ልጅን በፊቱ የማታመሰግን፣ የጨዋ ቤት ልጅ ትሆናለች አልሁ።

ዓምና ያኤል ለአገሩ የታዳጊዎች ቡድን ተመረጠች። ሰንበት ላይ የሚውል ውድድር አንሄድም፤ ያ ያለቀ ነገር ነው፤ አንድ ቀን አልቅሳ ተወችው። የቀሩት ቀናት ግን ጧትም ማታም ልምምድ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ቀረች፣ አረፈደች፣ ወንበር ላይ ተኛች እያለ ይጽፍልኛል። ባለቤቴ ሌሊት ጥበቃ አድሮ ጧት የሚተኛ ሰው ነው። ሳማክረው አንድ ዓይኑን ገለጠና «አንቺው አስተምሪያት» ብሎ ያንኑ ዓይኑን መልሶ ከደነው። ለካ በሕጉ ይቻላል። ቢሮው የመንፈቅ ፈቃድ ሰጠኝ፤ በመንፈቁ መጨረሻ ተቆጣጣሪ መጥታ ታያለች፣ ካመነችበት ይጸናል ተባልሁ። ካላመነችበት ደግሞ የጧት ልምምድ የለም፤ የጧት ልምምድ ከሌለ ቡድኑ የለም። ነገሩ ይኼው ነው።

እንዲህ ሆኜ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት፣ ዲሬክተር ሆንሁ። ትምህርት ቤቴ ጊቫት ኦልጋ ባለው ቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኩሽና ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ደንቤ፦ መምህር ሲገባ ተማሪ ብድግ ይላል። ችግሩ፣ ትምህርት ቤቱ ኩሽና ስለሆነ መምህሩ በሰዓት አርባ ጊዜ ይገባል። ልብስ አስጥቼ ስመለስ ብድግ፤ ሽንኩርት ይዤ ስመለስ ብድግ። በሦስተኛው ሳምንት ኢሪና «የያኤል ጭን ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የጠነከረው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጨዋነት» አልኋት።

ሒሳቡን በኪሎ ተማርነው። ያኤል የምትጋጠመው ከአርባ አራት ኪሎ በታች ነው፤ እኔ ደግሞ የከሳ ልጅ ሳይ እንቅልፍ የማይወስደኝ እናት ነኝ። አንድ ሰንበት ዳቦ ቆርሼ ስሰጣት በዓይኗ ለካችውና፣ እማዬን በዕብራይስጥ ጠርታ፣ «ኢማ፣ ይኼ የክብደቴ ስንት እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ሰንበት ነውና መጻፍ የለም፤ በቃሏ አስልታ ነገረችኝ። ሰንበትን በግራም ከፋፈለችብኝ ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለብቻዬ ፈገግ አልሁ።

እንግሊዝኛ ላይ መምህሯ ባዶ ነች። ያኤል ከስልክ እየሰማች ትደግማለች፤ እኔ አጠገቧ እጄን አጣምሬ፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተቀመጥሁ በኋላ አንድ ነገር ደረስሁበት፤ ልጄ ያልተማመነችበት ቦታ ስትደርስ ቀኝ ጆሮዋን ትነካለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይችለኛል! ጆሮዋን ስትነካ «እንደገና!» እላለሁ። መልሳ ስታየው እውነትም ተሳስታለች።

«ኢማ፣ እንግሊዝኛ ከየት አወቅሽ?»

«እናት ስትሆኚ ትደርሽበታለሽ።»

ማንም ሳያዝዘኝ ፊደላችንንም አስተማርኋት። ይህ ከሁሉ የጠቀመው እላይ ፎቅ ያሉትን ጎረቤታችንን እትዬ ብርቄን ነው። እትዬ ብርቄ ማንበብ አይችሉም። የሐኪማቸውን የዕብራይስጥ ወረቀት፣ እኅታቸው ከጎንደር የሚልኩላቸውን የአማርኛ ደብዳቤ፣ ሁሉንም የምታነብላቸው ያኤል ናት። እሷ አይታ «ይኼ ነው» ካላለቻቸው ክኒን አይውጡም። በዚያ ላይ ስፖርተኛ ልጅ ለሚዛን ብሎ ላብ ቢያፈስ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን አሥራ ሁለት ገጽ ጽፋለች። ማታ ማታ ተደብቄ አነበብሁት። ግማሹ አልገባኝም፤ በዚያው ልክ ኮራሁ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ ወግ የራስ ልጅ አይመሰገንም። ያመሰገኑት ልጅ ለዓይን ይጋለጣል። እናቴ መልከ ቀናውን ወንድሜን እስኪዳር ድረስ «ይኼ ጦጣ» እያለች ነው ያሳደገችው። የሚገርመው፣ እዚያ አገር ቤት ሳለን፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን የሚደብቁት ከእኛ ነበር፤ ክፉ ዓይን ያላቸው እነሱ ናቸው ይሉን ነበርና። እኛም የእኛን ከእነሱ እንደብቃለን። እንዲህ ስንደባበቅ የማንም ልጅ በወጉ ሳይታይ አደገ።

ተቆጣጣሪዋ ነገ ትመጣለች ሲባል ታዲያ፣ እንደ ማንኛዋም ጨዋ እናት፣ ያለኝን ሁሉ ደበቅሁ። አሥራ አንዱን ሜዳሊያ ከግድግዳው አውርጄ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ከተትሁ። ደብተሮቿ ጠርዛቸው ታጥፎ፣ የወጥ ጠብታ አርፎባቸው፣ የጁዶ ቦርሳ ላብ ላብ ይሸታሉ። እንግዳ ሲመጣ አሮጌ አንሶላ ማን ያነጥፋል? እነሱን ሻንጣ ውስጥ ቆለፍሁባቸውና አምስት አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ በላስቲክ ለብጄ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኋቸው። ያኤልንም መከርኋት፦ «ታላቅ ሰው ፊት ታቀረቅሪያለሽ። አንዴ ስትጠየቂ ዘለሽ አትመልሺ፤ ሁለተኛ ሲጠይቁሽ በቀስታ ትመልሻለሽ።»

ተቆጣጣሪዋ ወጣት ናት፤ ፈገግታ የማይለያት። ክፉ አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ያኤል ልክ መጠለያው ውስጥ እንደምታደርገው ዝቅ ብላ እጅ ነሣቻት፤ ሴትዮዋ ደንግጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ዳቦ አቀረብሁ። «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አለች። እንግዳ መጀመሪያ እንቢ ማለቱ ወግ ነውና ለመንኋት። ሁለተኛ ለመንኋት። በሦስተኛው በላች።

ከዚያ ወደ ያኤል ዞራ «እስኪ ንገሪኝ፣ ምን መማር ትወጃለሽ?» አለቻት። ያኤል እንደመከርኋት አቀርቅራ ዝም አለች። ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠብቃለን። ሁለተኛ የለም። ሴትዮዋ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ለአንድ ቁራሽ ዳቦ ሦስቴ የተለመነች ሴት ልጄን አንዴ ብቻ ጠይቃ ትተዋታለች ብዬ በምን ልጠርጥር?

«በሒሳብ የት ደርሳለች?» አለችኝ።

«ኧረ እሷ ምን ታውቃለች» አልሁ። «ትንሽ ትንሽ ትቆጥራለች።»

እትዬ ብርቄም ነበሩ፤ እንግዳ በአንድ ሴት አይቀበሉም ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወርደዋል። «ምን አለች?» አሉኝ በአማርኛ።

«ያኤል ምን ታውቃለች ብላ ነው የምትጠይቅ።»

«አዬ! ልጅ አይደለች፣ ምን ታውቃለች? ሰነፍ ናት በያት። መተኛት ነው የምትወድ።»

ተቆጣጣሪዋ «ጎረቤትሽ ምን አሉ?» አለች። ሐሰት ከአፌ እንዳይወጣ የምጠነቀቅ ሴት ነኝ። ቃል በቃል ተረጎምሁላት። ጻፈች።

በዚህ መሐል ኢሪና የክለቡን ወረቀት ልታደርስ መጣች። ተቆጣጣሪዋ ደስ ብሏት «መልካም፣ አሰልጣኟ መጣች! እስኪ ንገሪኝ፣ ልጅቷ ተሰጥኦ አላት?» አለቻት። ኢሪና ያኤልን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «ኖርማሊ» አለች። «ብዙ ሥራ ይቀራታል።»

«ሜዳሊያ የላትም?»

«አንዳንድ ቆርቆሮ አይጠፋም» አልሁ እኔ ፈጥኜ፣ ማሽኑ ወዳለበት እንዳታይ ፊቷ ቆሜ።

በመጨረሻ ወደ ደብተሮቹ ዞረች። አንዱን አንሥታ ገለጠች፤ ነጭ። ሌላውን ገለጠች፤ ነጭ። «ይኼ ነው የመንፈቁ ሥራ?» አለችኝ። «ይኼ ነው» አልኋት በኩራት። እንዴት ንጹሕ እንደሆነ አየሽ ማለቴ ነበር።

ጠላት ተቀጥሮ ቢመጣ እንዲህ አያደርጋትም። ሦስታችንም ያቺን ልጅ የምንወዳት ሰዎች ነን። በሩ ሲዘጋ እትዬ ብርቄ ደረታቸውን ይዘው «ተመስገን! ምንም ሳታይ ወጣች» አሉ።

እውነታቸውን ነው።

እግዚአብሔር ግን በዚያው ቀን ሊያስተምረኝ ፈልጎ ነበር። ማሽኑ ውስጥ ያለውን ረስቼ የጁዶ ልብሷን ጨመርሁና በሙቅ ውኃ አስነሣሁት። ቤቱ ጋሪ በኮረኮንች እንደሚሄድ ተንቋቋ፤ ባለቤቴ ሁለቱንም ዓይኑን ገለጠ። ሳወጣው የሜዳሊያው ጥብጣብ ቀይና ሰማያዊው ለቆ፣ ነጩ ልብስ የሰርግ ከረሜላ መስሏል። ያኤል በማግስቱ በዚያው ልብስ ምንጣፍ ላይ ወጣች። ኢሪና አየቻትና «ኖርማሊ» አለች።

ይኼን እስኪበቃን ሳቅንበት። ደብዳቤው የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ለያኤል እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ስልኩን ዝም ብዬ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ቁጡ ልጅ ናት፤ ትጮኽብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም።

«ኢማ፣ ይኼን ሁሉ አንቺ ነሽ ያልሽው።»

«አባባል ነው፣ ልጄ። ታውቂው የለም? ለእትዬ ብርቄም፣ ለአክስትሽም እንዲሁ ነው የምል።»

«በአማርኛ ስትይው አውቀዋለሁ። አባባል ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «በዕብራይስጥ ስትይው ግን እውነት መሰለኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ቢሮ ገብቶ ቁጥር የተሰጠው ወለምታማ በምን ይታሻል?

ስልክ ደወልሁ። «ያልሽውን ነው የጻፍነው» አለችኝ አንዲት። «በእኛ ወግ እኮ» ብዬ ስጀምር «ቅጹ ላይ ጻፊው» አለችኝ። ቅጹ ላይ ለወግ የተተወ ቦታ የለም። የማስታምማቸውን አሮጊት አማከርሁ። «ሞኝ!» አሉኝ። «እዚህ አገር እናት ስትናገር ሰሚው ግማሹን ይቀንሳል። እኔ ልጄን ሊቅ ነው እያልሁ ነው ያሳደግሁት። ተቀንሶ ተቀንሶ መጋረጃ ሻጭ ሆነ። አንቺ ከዜሮ ጀምረሽ ምን ይቀነስልሽ?»

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያቃጥለኝ። በእኛ ዘንድ እናት ልጇን ስታወርድ፣ ሰሚው «ኧረ አይደለችም!» ብሎ ያነሣታል። ይኼ የሰሚ ድርሻ ነው፤ ሁለት ሰው እንደሚሸከመው ቃሬዛ ነው። ተቆጣጣሪዋ ድርሻዋን አላወቀችም ልበል? ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ስለ ልጆቻችን «ምንም አያውቁም» ሲባል «ኧረ አይደለም» የሚል ሰው እምብዛም አልሰማሁ። ሴትዮዋ እኔን ለማመን አልተቸገረችም። ሌላ የምትጠብቀው ነገር አልነበራትም፤ እኔ አቀበልኋት።

ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ኦሪት የሚያነቡልን ቄሳችን ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። «ቄስ፣ ሰው ልጁን ቢያመሰግን ነውር ነው?»

«ነውር አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «የሰጠሽን ማመስገን ነው። ሳትፈሪ ተናገሪ።»

ልቤ ቀለለኝ። ስነሣ «የእርስዎም ልጅ መሐንዲስ ሆነ አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎ» አልኋቸው።

«ኧረ ምን መሐንዲስ» አሉኝ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ዝም ብሎ ይላላካል እንጂ።»

ቅጹን እንደ ምንም ሞልቼ ስለላክሁ፣ የቢሮው ኮሚቴ ማክሰኞ ጧት ጉዳያችንን እንደገና ይሰማል። ልጅቷም ትምጣ ተብሏል። ሻንጣውን ከፍቻለሁ፤ ላብ የሚሸቱትን ደብተሮች ከነወጥ ጠብታቸው፣ ቀለም ከለቀቀ ጥብጣባቸው ጋር ሜዳሊያዎቹን ይዤ እሄዳለሁ። አፌን ግን አላምነውም። መስታወት ፊት ቆሜ ሳምንት ተለማመድሁ፤ ከብዙ ምጥ በኋላ የወጣኝ «ክፉ አይደለችም» የሚል ነው።

ስለዚህ ያን ቀን ቤቴ የነበራችሁ፣ ኑልኝ። ኢሪና አማርኛ አታነብም፤ መጠለያው ደጃፍ ከእኔ ጋር የምትቀመጡ እናቶች ንገሩልኝ፤ ለአንድ ጧት ብቻ «ኖርማሊ»ን ቤት ትታ ትምጣ። እናንተም ኑ፤ በሚዛንና በግጥሚያ መካከል ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ አይታችኋታል። በዕብራይስጥ ተናገሩ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፤ ለኮሚቴው ብቻ ብዬ አይደለም፣ እሷም ትቀመጣለች። እኔ «ኧረ ምን ታውቃለች» ልል አፌን ስከፍት ካያችሁ፣ አጠገቤ ያለችው ክርኔን ትቆንጥጠኝ፤ አጥብቃ።

እትዬ ብርቄ፣ እርስዎም ይምጡልኝ፤ ክኒንዎን ማን እንደሚያነብልዎ ይንገሯቸው፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ ቃል በቃል። ይህን ጽሑፍ የምታነብልዎም ያኤል መሆኗን አውቃለሁ። እንግዲህ ጽፌዋለሁ፦ ልጄ ብዙ ታውቃለች፤ ዓይን አይያት። እዚህ መስመር ላይ ስትደርስ ቀኝ እጇን ይዩልኝ። ጆሮዋን ከነካች «እንደገና» ይበሏት።